ድምፅንና ምስልን ማናበብ

በነሐሴ አጋማሽ፣ በቡሄ ሰሞን፣ ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ ከአንድ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው በማዶው ሜዳ እረኞች ጅራፍ ሲያጮኹ ይመለከታል። እረኛው ጅራፉን አዙሮ ክንዱን በኀይል ወደ ታች ሲያወርድ በግልጽ ይታያል፤ ጩኸቱ ግን ገና አልተሰማም። ለሁለተኛው ምት ክንዱን ሲያነሣ የመጀመሪያው ጩኸት ከተመልካቹ ጆሮ ይደርሳል። ተመልካቹ ጅራፍ አይቶ የማያውቅ እንግዳ ቢሆን፣ ጅራፍ የሚጮኸው ሲወርድ ሳይሆን ሲነሣ ነው ብሎ ለማመን ምንም አይቀረውም።

የዚህ ነገር ምክንያት ግልጽ ነው። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ ድምፅ በዚያው ሰከንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በቦረና፣ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋ አየሩ ሲቀዘቅዝ ፍጥነቱ ጥቂት ይቀንሳል። አንዳንድ ተማሪ «ይህ የሆነው የደጋ አየር ስስ ስለ ሆነ ነው» ብሎ ይገምት ይሆናል፤ ይሁን እንጂ የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው የአየሩ ሙቀትና ቅዝቃዜ እንጂ መሳሳቱ አይደለም። ስለዚህ እረኛው 680 ሜትር ያህል ርቆ ከሆነ፣ የጅራፉ ጩኸት ተመልካቹ ዘንድ የሚደርሰው ከ2 ሰከንድ በኋላ ነው። (ጅራፉ ራሱ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚወረወር መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማወቅ አይከፋም።)

በተፈጥሮ የሚመጣው መዘግየት ማንንም አያስቸግርም። ችግር የሚፈጠረው ሰው ምስልን በአንድ መሣሪያ፣ ድምፅን በሌላ መሣሪያ ቀርጾ ሁለቱን እንደገና ሊያገናኛቸው በተነሣ ጊዜ ነው። ተንቀሳቃሽ ምስል የምንለው በእውነቱ አይንቀሳቀስም፤ በፍጥነት እየተከታተሉ የሚታዩ የቆሙ ፎቶግራፎች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ፍሬም ይባላል። በሲኒማ ፊልም በአንድ ሰከንድ 24፣ በአገራችን ቴሌቪዥን ደግሞ 25 ፍሬሞች ይታያሉ። በመሆኑም በቴሌቪዥን አንድ ፍሬም የሚቆየው የሰከንድ አንድ ሃያ አምስተኛ፣ ማለትም 0.04 ሰከንድ ነው። ድምፅ ግን ፍሬም የለውም፤ ሳይቋረጥ እንደ ውሃ ይፈሳል። በዛሬው የዲጂታል አሠራር ለቪዲዮ የሚቀረጽ ድምፅ በአንድ ሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል፤ ስለዚህ በአንድ ፍሬም ዕድሜ ውስጥ 1,920 የድምፅ ልኬቶች አሉ ማለት ነው። እያንዳንዱን ድምፅ ከተፈጠረበት ፍሬም ጋር አገናኝቶ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይለያዩ እንዲሄዱ ማድረግ ማናበብ ይባላል። የቅንብር ሠራተኞች «ሲንክ» የሚሉትም ይህንኑ ነው።

ለመሆኑ ድምፅና ምስል ምን ያህል ቢለያዩ ተመልካች ያውቃል? ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ እንደ ተገለጸው፣ ድምፁ ከምስሉ 0.045 ሰከንድ ያህል ከቀደመ ተመልካች ልዩነቱን ያስተውላል፤ ድምፁ ከምስሉ ከዘገየ ግን እስከ 0.125 ሰከንድ ድረስ አያስተውልም። ይህን ወደ ፍሬም ብንመልሰው፣ ለሚቀድም ድምፅ የሚሰጠው ትዕግሥት አንድ ፍሬም ያህል፣ ለሚዘገይ ድምፅ ደግሞ ሦስት ፍሬም ያህል ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ ቢባል፣ መልሱ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ሰው ከተወለደ ጀምሮ ድምፅ ከምስል ዘግይቶ ሲደርስ ሲያይ ኖሯል፤ መጥረቢያ እንጨቱን ሳይነካ «ጧ» የሚል ድምፅ ግን ከቶ ሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ አቀናባሪ በሁለት ቦታዎች መካከል ሲያመነታ፣ ድምፁን ከማስቀደም ይልቅ ጥቂት ቢያዘገየው ይሻላል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጅራፍና ስለ መጥረቢያ ነው። ነገሩ የሚከብደው ሰው ሲናገር ነው፤ ይህም በቀጥታ የአማርኛ ትምህርታችንን ይመለከታል። ስለ ድምፆች አፈጣጠር ስትማሩ የከንፈር ድምፆች የሚባሉትን አግኝታችኋል። በ፣ መ፣ ፐ እና ጰ የሚፈጠሩት ሁለቱ ከንፈሮች ሲገጥሙ ነው። ፈ ደግሞ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ሲነካ ይፈጠራል። ቀ፣ ከ፣ ገ ከጉሮሮ አካባቢ ስለሚፈጠሩ ካሜራ አያያቸውም፤ የከንፈር ድምፆችን ግን ከሩቅ የተቀመጠ ተመልካች እንኳ ያያል። «መካነ ሰላም» የሚለውን ስም በመስተዋት ፊት ቆማችሁ ተናገሩት። ከንፈር ገጥሞ ይጀምርና ገጥሞ ያልቃል። ስለዚህ ስለዚህች ከተማ የሚናገር ሰው የከተማዋን ስም በጠራ ቁጥር ለአቀናባሪው ሁለት ምልክት ያኖርለታል።

ምልክቶቹ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። በ እና ፐ ሲነገሩ ድምፁ ጎልቶ የሚፈነዳው ከንፈሮቹ በሚላቀቁበት ቅጽበት ነው። በመ ጊዜ ግን ድምፁ በአፍንጫ ስለሚወጣ ከንፈሮቹ ገና እንደ ገጠሙ ይሰማል። እንግዲህ አቀናባሪው «ቦረና» የሚለውን ቃል ሲያናብብ የቦን ፍንዳታ ከንፈር ከተከፈተበት ፍሬም ላይ፣ «መሀል ሳይንት» ሲባል ደግሞ የመን ድምፅ ከንፈር ከተዘጋበት ፍሬም ላይ ያሳርፋል። ይህን የማያውቅ ሰው በመ ተመርቶ ሲያስተካክል አንድ ሁለት ፍሬም ይስታል፤ ከዚያም ለምን እንዳልገጠመለት ሳይገባው ሲጨነቅ ይውላል።

አንድ አረጋዊ ገበሬ እንዲህ አሉ እንበል፦ «መጀመሪያ በልግ ነበር የምንጠብቀው፤ በልጉ ከቀረ መኸሩም አያምርም።» በዚህ አጭር አነጋገር ውስጥ ከንፈር 11 ጊዜ ይገጥማል። ቁጠሩት። ድምፁ አምስት ስድስት ፍሬም ቢዛነፍ፣ አረጋዊው «በልግ» በሚሉበት ቅጽበት አፋቸው እንደ ተከፈተ ይታያል፤ «አያምርም» ብለው ከጨረሱ በኋላ ደግሞ ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ሲገጥም ይታያል። ተመልካቹ ስሕተቱ የት እንዳለ ለይቶ መናገር አይችልም። የሚሰማው ስሜት ግን አለ፤ ሰውዬው ያልሆነ ነገር የሚናገሩ፣ ወይም ሌላ ሰው በአፋቸው የሚናገርባቸው ይመስለዋል። ጥፋቱ የመሣሪያ ሆኖ ሳለ የሚታሙት ተናጋሪው ናቸው።

ከዚህ የጠለቀም ጉዳይ አለ። በአማርኛ የመጥበቅና የመላላት ልዩነት በጽሕፈት እንደማይታይ ታውቃላችሁ። «ይመታል» የሚለውን ቃል መ እና ታን አላልተን ካነበብነው ሌላውን የሚመታ፣ አጥብቀን ካነበብነው ደግሞ በሌላው የሚመታ ማለት ይሆናል። መ ሲጠብቅ ከንፈሮች ገጥመው የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል፤ ስለዚህ ልዩነቱ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በዐይንም ይያዛል። በሽምግልና ላይ የተሰጠ ቃል፣ የአንድ አገር ታሪክ፣ ወይም ተናጋሪዎቹ እያነሱ የሄዱ የአነጋገር ዘዬ ተቀርጾ ከ30 ዓመት በኋላ ቢፈተሽ፣ ማን መታ ማን ተመታ የሚለው ጥያቄ በዚህ ዓይነቱ ጥቃቅን ምስክር ሊፈታ ይችላል። ነፋስ ድምፁን ባደበዘዘበት ቦታ ከንፈሩ ይመሰክራል፤ ይህ የሚሆነው ግን ድምፅና ምስሉ ከተናበቡ ብቻ ነው።

ዐይን በጆሮ ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ሀሪ መገርክና ጆን ማክዶናልድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1976 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። «ባ» የሚል ድምፅ «ጋ» ከሚል አፍ ምስል ጋር አጋጥመው ለሰዎች ቢያሳዩ፣ ብዙዎቹ የሰሙት «ባ»ንም «ጋ»ንም ሳይሆን «ዳ»ን ነበር። ዐይናቸውን ሲጨፍኑ «ባ»ን በትክክል ይሰማሉ፤ ሲገልጡ መልሰው ይሳሳታሉ። መስማት የደከማቸው ሰዎች ደግሞ የከንፈርን እንቅስቃሴ ከጥቂቷ መስማታቸው ጋር አገናኝተው ስለሚረዱ፣ ያልተናበበ ፊልም ለእነርሱ ከግማሽ በላይ የተቀደደ ደብዳቤ ነው።

እግረ መንገዳችንን ስለ አንድ ጎረቤታችን እናንሣ። በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የሚኖረው ጭላዳ ዝንጀሮ ከንፈሩን እያማታ ድምፅ ያሰማል። ቶር በርግማን የተባለው ተመራማሪ በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ይህ ምት በሰከንድ ከ6 እስከ 9 ጊዜ እንደሚደርስና ከሰው ንግግር ምት ጋር እንደሚቀራረብ ገልጿል። በሰከንድ 8 ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ አፍ አንዱን ዙር የሚጨርሰው በሦስት ፍሬም ያህል ውስጥ ነው። እንግዲህ አንድ ፍሬም ተኩል ብቻ ብንዛነፍ የተከፈተው አፍ የተዘጋ፣ የተዘጋውም የተከፈተ ይሆናል። ጭላዳን አስተካክሎ ያናበበ ሰው ማንኛውንም ተናጋሪ አያቅተውም።

ጥበቡ አዲስ አይደለም። ድምፅ ያለው የሲኒማ ፊልም ከ1927 እ.ኤ.አ. ወዲህ እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ምስል በካሜራ ድምፅ በሌላ መሣሪያ ይቀረጽ ነበር። ሁለቱን ለማገናኘት በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት እንጨቶች ያሉት ሰሌዳ በካሜራው ፊት ይያዝና እንጨቶቹ «ቀጭ» ተደርገው ይገጠማሉ። አቀናባሪው እንጨቶቹ የገጠሙበትን ፍሬም በዐይኑ፣ «ቀጭ» ያለበትን ቦታ በጆሮው ይፈልግና ሁለቱን ያገጣጥማል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ የትኛው ምስል የትኛውን ድምፅ እንደሚፈልግ ይነግረዋል። ዘዴው ተራ ቢመስልም እስከ ዛሬ የተሻለ አልተገኘለትም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የተጠናቀቀው ፊልም ሲታተም ግን ሌላ ነገር ይመጣል። የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም በማሳያው መሣሪያ ውስጥ ሲያልፍ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ በብርሃኑ ፊት ለቅጽበት መቆም አለበት፤ ካልቆመ ምስሉ ይደበዝዛል። ድምፅ ደግሞ ሳይቆም በእኩል ፍጥነት ማለፍ አለበት፤ ከቆመ ይንተባተባል። ስለዚህ ድምፅ የሚነበብበት ቦታ ምስል ከሚታይበት ቦታ ይርቃል፤ በፊልሙ ላይ በብርሃን የሚነበበው ድምፅም ከራሱ ምስል 26 ፍሬም ቀድሞ ይታተማል። ፊልሙን በእጁ ይዞ የተመለከተ ሰው ያልተናበበ ይመስለዋል፤ የተናበበው ግን እንደዚያ በመራራቁ ነው። ኀይሌ ገሪማ በ1976 እ.ኤ.አ. ለእይታ ያበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሠራው በዚሁ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ቪዲዮ ከመጣ በኋላ ድምፅና ምስል በአንድ ቴፕ ላይ አብረው መቀረጽ ጀመሩ፤ ነገሩም የቀለለ መሰለ።

ስለ ወሎ ስንናገር ሳናነሣ የማናልፈው ፊልም አለ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የደረሰውን ረሃብ የቀረጸበት ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደግሞ ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እየተፈራረቀ ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ግብዣውና ረሃቡ በአንድ ቀንና በአንድ ቦታ የተቀረጹ አልነበሩም፤ ጎን ለጎን ያቆማቸው ቅንብር ነው። ይህን የምናነሣው የቅንብርን ኀይል ለማሳየትና አንድ ልዩነት ለመለየት ነው። የተራኪ ድምፅ ከምስሉ ጋር በፍሬም መናበብ አያስፈልገውም፤ ተመልካቹም ድምፁ ከሌላ ቦታ እንደ መጣ ያውቃል። በምስሉ ውስጥ ያለ ሰው ሲናገር ወይም ሲያለቅስ ግን ድምፁ የራሱ፣ የዚያችው ቅጽበት ድምፅ ነው ብሎ ያምናል። በአንድ ቀብር ላይ የተቀረጸ ለቅሶ በሌላ ቀብር ምስል ላይ ቢለጠፍ፣ በፍሬም ቢገጥም እንኳ አልተናበበም።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። የመካነ ሰላም አካባቢ ተማሪዎች ስለ በልግ እርሻ የነገሯቸውን አረጋዊ ሊቀርጹ ነው እንበል። ምስሉን በስልክ ይቀርጻሉ። ስልኩ ግን ከተናጋሪው ሦስትና አራት ሜትር ስለሚርቅ ከንግግሩ ይልቅ የደጋውን ነፋስ ይሰማል። ስለዚህ ሁለተኛ ስልክ ወይም መቅረጸ ድምፅ ከአረጋዊው አጠገብ፣ ከጋቢያቸው ጥላ ሥር ያኖራሉ። ሁለቱም መሣሪያዎች መሥራት ከጀመሩ በኋላ አንዱ ተማሪ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ጊዜ ላጨብጭብ» ብሎ ከፊታቸው በርከክ ይልና ሁለቱ እጆቹ ለካሜራው እንዲታዩ አድርጎ አንድ ጊዜ ብቻ በኀይል ያጨበጭባል። ቀኑንና ቦታውንም ጮክ ብሎ ይናገራል። ንግግሩ ሲያበቃ፣ መሣሪያዎቹ ሳይጠፉ፣ ይህንኑ ይደግመዋል። የመጨረሻው ጭብጨባ ለምን እንደሚያስፈልግ ብዙ ሰው አይገባውም፤ ኋላ ግን የሚያድነው እርሱ ነው።

በማቀናበሪያው ፕሮግራም ድምፅ እንደ ሞገድ ተሥሎ ይታያል። ጭብጨባው እንደ ሾለ ተራራ ብቅ ይላል። ከስልኩ የመጣው ደካማ ድምፅና ከአረጋዊው አጠገብ የተቀረጸው ጥሩ ድምፅ አንዱ ከሌላው በታች ተደርገው ሁለቱ ሾሎች ይገጣጠማሉ፤ ከዚያ ደካማው ይዘጋል። ቀጥሎ ወዲያውኑ ወደ መጨረሻው ጭብጨባ መሄድ ያስፈልጋል። እዚያም ከገጠመ ሥራው አልቋል። በመጀመሪያውም በመጨረሻውም እኩል ከተዛነፈ፣ የመነሻው ቦታ ብቻ ተሳስቷልና ድምፁን ሙሉውን መግፋት ይበቃል። በመጀመሪያው ገጥሞ በመጨረሻው ከተዛነፈ ግን ሁለቱ መሣሪያዎች ጊዜን እኩል አልቆጠሩም። ይህን ሰው ሁሉ በመግፋት ሊያስተካክለው ይሞክራል፤ መጨረሻውን ሲያስተካክል መጀመሪያው ይበላሻል፣ መጀመሪያውን ሲያስተካክል መጨረሻው።

የመንሸራተቱ መጠን ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። በእያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ ጊዜን የሚቆጥር ክሪስታል አለ፤ ሁለት ክሪስታሎችም ፈጽመው እኩል አይሆኑም። ልዩነታቸው ከሚሊዮን 50 ብቻ ቢሆን በአንድ ሰዓት ውስጥ 0.18 ሰከንድ፣ ማለትም አራት ፍሬም ተኩል ይሆናል። ለአምስት ደቂቃ ንግግር ማንም አያውቀውም፤ ለአንድ ሰዓት ታሪክ ግን ይታያል። መድኀኒቱ ድምፁን በዚያው በጥቂቱ ማሳጠር ወይም ማስረዘም ነው፤ እንዲህ ያለውን ለውጥ ጆሮ አይለየውም። መንሸራተቱ እጅግ ትልቅ ከሆነ ግን ጥፋቱ ሌላ ነው። በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ድምፅ 48,000 ተብሎ በስሕተት ቢነበብ፣ የአንድ ሰዓቱ ንግግር በ55 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ተኩል ያልቃል፤ የአረጋዊው ድምፅም ይቀጥናል። ይህንን በማሳጠርና በማስረዘም መታገል አያስፈልግም፤ የቁጥሩን ስሕተት ማረም ይበቃል።

ሦስተኛው ችግር ከስልክ የሚመጣ ነው። ብዙ ስልኮች ብርሃን ሲያንስ፣ ለምሳሌ በጎጆ ውስጥ ከምድጃ አጠገብ ሲቀረጽ፣ በሰከንድ የሚያነሧቸውን ፍሬሞች ቁጥር ይቀንሳሉ፤ ወደ ውጭ ሲወጡ መልሰው ይጨምራሉ። ፕሮግራሙ ግን ፍሬሞቹ ሁሉ እኩል ዕድሜ ያላቸው መስሎት ቢደረድራቸው፣ ልዩነቱ አንድ ጊዜ ይሰፋል፣ አንድ ጊዜ ይጠባል፤ ምንም ዓይነት መግፋትም ሆነ ማሳጠር አያስተካክለውም። ስለዚህ ከስልክ የመጣ ምስል ከመቀናበሩ በፊት የፍሬሙ ቁጥር ወደማይለዋወጥ ፋይል መለወጥ አለበት። ዋናው ፋይል ግን አይጠፋም፤ በስሙና በቀኑ ይቀመጣል።

ድምፅና ምስል ከተናበቡ በኋላ መቁረጥ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የተስተካከለው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ በፕሮግራሙ ውስጥ ተያይዘው ካልታሰሩ፣ ምስሉ ሲቆረጥ ድምፁ ሳይቆረጥ ይቀርና ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይዛነፋል። የት ይቆረጥ ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ሰዋስው ራሱ ይመልሳል። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ የሚመጣው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ ተናጋሪም ብዙውን ጊዜ የሚተነፍሰው ከማሰሪያው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የቆረጠ ሰው ነገሩን ሳያስር ይተወዋል። በተለይ የአሉታ ግሥ አስቸጋሪ ነው። «አልሄድም» ሲባል የመጨረሻዋ ም ከንፈር ገጥሞ በአፍንጫ በቀስታ የምትወጣ ስለ ሆነች በሞገዱ ሥዕል ላይ እምብዛም አትታይም። ችኩል አቀናባሪ ቃሉ ያለቀ መስሎት ድ ላይ ይቆርጣል። ተመልካቹ «አልሄድ» ሲል ይሰማና ንግግሩ ይቀጥላል ብሎ ይጠብቃል። ከማሰሪያው በኋላ አራት አምስት ፍሬም መተው ይህን ያስቀራል።

በተቆረጠው ቦታ ፍጹም ዝምታ መተውም አይገባም። በደጋ ላይ ፍጹም ዝምታ የለም፤ ነፋሱ፣ የሩቅ ውሻ፣ የሳሩ መንሿሿት አለ። እነዚህ በድንገት ጠፍተው በድንገት ሲመለሱ ጆሮ ይደነግጣል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ከመነሣታቸው በፊት ማንም ሳይናገር የቦታውን ድምፅ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይቅረጹ፤ ኋላ ክፍተቱን የሚሞሉት በዚያ ነው።

የሚቀረጸው ብዙ ሰው የተሰበሰበበት ሲሆን፣ ለምሳሌ መንዙማ ሲሆን፣ የጭብጨባው ምልክት በራሱ ይገኛል፤ ነገር ግን ሃምሳ እጅ በአንድ ቅጽበት አይገጥምም። ስለዚህ የሕዝቡን ጭብጨባ ትቶ አንዱን ድቤ መቺ መምረጥ ይሻላል። ምቱም የሚገጣጠመው እጁ ቆዳውን ከነካበት ፍሬም ጋር ነው፤ ከተነሣበት ጋር አይደለም። ካሜራው ርቆ ከሆነ ደግሞ ስሌት ያስፈልጋል። በደጋው ቀዝቃዛ አየር ድምፅ በአንድ ፍሬም ዕድሜ 13 ሜትር ተኩል ያህል ስለሚጓዝ፣ ከ27 ሜትር ርቀት በካሜራው ማይክሮፎን የተቀረጸ ምት ከምስሉ ሁለት ፍሬም ይዘገያል። ምስሉ ሰዎቹን በሩቅ የሚያሳይ ከሆነ ይህን መዘግየት መተው ይቻላል፤ ተመልካቹም ርቀቱን በዐይኑ ስለሚያይ ይቀበለዋል። ካሜራው የመቺውን እጅ አቅርቦ ካሳየ ግን ድምፁን ሁለት ፍሬም ወደ ፊት ማምጣት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ከአጠገባችን የሚታየው እጅ ከማዶ የሚሰማ ድምፅ ይይዛል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የሚሠራው ስሕተት ከሁሉ ያናድዳል። አቀናባሪው ሥራውን የሚፈትሸው ገመድ በሌለው የጆሮ ማዳመጫ ከሆነ፣ ማዳመጫው ራሱ ድምፁን ከ0.1 እስከ 0.2 ሰከንድ ሊያዘገይ ይችላል። አቀናባሪው ድምፁ የዘገየ መስሎት በትክክል የተቀመጠውን ወደ ፊት ያመጣዋል፤ በሌላ መሣሪያ ሲታይ ግን ድምፁ ቀድሞ ይገኛል፤ ይህም ተመልካች የማይታገሠው ዓይነት መሆኑን አይተናል። ስለዚህ የመጨረሻው ፍተሻ ገመድ ባለው ማዳመጫ ይደረጋል። ፊልሙ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሲታይ በፊተኛው ረድፍ የተቀመጡት ተማሪዎች የአረጋዊውን «በልግ» ከከንፈራቸው ጋር እኩል ይሰሙታል፤ ከድምፅ ማጉያው 20 ሜትር ርቀው ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ አንድ ፍሬም ተኩል ያህል ዘግይተው ይሰሙታል። ለእነርሱ ብሎ ድምፁን ማስቀደም አያስፈልግም።